ባዶ ክፍል የማን ዕዳ ነው? የኦርላንዶ የዕረፍት ቤቶች ታሪክ

ታይምሼር አንድን የዕረፍት ቤት ብዙ ሰዎች በጊዜ ተከፋፍለው የሚይዙበት አሠራር ነው። በመጀመሪያው መልኩ አንድ አፓርታማ በዓመቱ ሳምንታት ይሸነሸናል፤ 51 ሳምንት ለ51 ገዢ ይሸጥና የቀረችው አንዲት ሳምንት ለጥገና ትያዛለች። ገዢው ሳምንቱ ሲደርስ መጥቶ ያርፋል፤ መጣም አልመጣም በየዓመቱ የጥገና ክፍያ ይከፍላል። አሠራሩ በአውሮፓ ተወልዶ በአሜሪካ የጎለመሰ ሲሆን፣ እንደ ኦርላንዶ ሥር የሰደደበት ከተማ ግን የለም። በማዕከላዊ ፍሎሪዳ፣ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደጃፍ ያለችው ይህች ከተማ የታይምሼር ዋና ከተማ እየተባለች ትጠራለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሆቴል ሥራ ነባር ጠላት ባዶ ክፍል ነው። ዛሬ ሳይከራይ ያደረ ክፍል ያሳጣው ገቢ ነገ አይመለስም። የመብራቱ፣ የጥበቃው፣ የግብሩና የባንኩ ወጪ ግን እንግዳ ኖረም አልኖረም መቁጠሩን አያቆምም። የታይምሼር ታሪክ ከሥሩ ሲታይ ይህ ወጪ ከገንቢው ትከሻ ወርዶ በእንግዳው ትከሻ ላይ እንዴት እንዳረፈ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ባለቤቶች ባለፉት ስድሳ ዓመታት በውድ ዋጋ የተማሩት አብዛኛው ነገርም ከዚሁ ይመነጫል።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1963 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው ሃፒማግ ነው። መሥራቾቹ አሌክሳንደር ኔቴና ጊዶ ሬንግሊ ለአባላት የኩባንያውን አክሲዮን ይሸጡ ነበር። አባሉ በአክሲዮኑ መጠን ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡንም ኩባንያው በተለያዩ አገሮች በያዛቸው ቤቶች ለማረፍ ይጠቀምበታል። ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ በፈረንሳይ አልፕስ፣ በሱፐርዴቮሉይ የበረዶ መንሸራተቻ ሰፈር አንድ የግንባታ ኩባንያ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ክፍል የመያዝን መብት መሸጥ ጀመረ። ክፍል ከመከራየት ይልቅ ሆቴሉን መግዛት ይረክሳል የሚለው ማስታወቂያ የዚያ ዘመን ነው። ሁለቱ አሠራሮች የተነሡበት መንገድ የተለያየ ነበር፤ የመጀመሪያው የአባላት ማኅበር ሲመስል ሁለተኛው የክፍል ሽያጭ ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገረው በዋናነት ሁለተኛው ሲሆን፣ የነጥቡ ሐሳብ ተመልሶ ገናና እስኪሆን ሠላሳ ዓመት ያህል ወስዷል።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሙከራ በ1969 በሃዋይ ደሴቶች፣ በካዋይ እንደተደረገ ይነገራል። ነገሩን ኢንዱስትሪ ያደረገው ግን ችግር ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በፊት በነበሩት ዓመታት በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ለሽያጭ የሚሆኑ አፓርታማዎች ያለ ልክ ተገንብተው ነበር። ነዳጅ ሲወደድ፣ የባንክ ወለድ ሲያሻቅብና ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ገዢ ጠፋ፤ ገንቢዎቹም ባዶ ሕንፃ ታቅፈው ከባንክ ዕዳ ጋር ተፋጠጡ። አንድን አፓርታማ በሙሉ የሚገዛ ባይገኝ አንዲት ሳምንቱን የሚገዛ ሰው አይጠፋም ነበር። ሳምንታቱ አንድ በአንድ ተሸጠው ሲደመሩ ደግሞ አፓርታማው በሙሉ ቢሸጥ ከሚያወጣው እጅግ የበለጠ ገንዘብ አስገቡ። በመክሰር ላይ የነበረ ገንቢ በዚህ መንገድ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክፍሉ ባዶ ቢያድር የሚከስረው ሳምንቱን የገዛው ሰው ሆነ።

በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ቦታ መመላለስ እንደሚሰለች ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1974 ጆንና ክሪስቴል ደሃን የተባሉ ባልና ሚስት በኢንዲያናፖሊስ አርሲአይ የተባለውን የልውውጥ ድርጅት አቋቋሙ። በ1976 ደግሞ ተፎካካሪው ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ማያሚ ላይ ተከፈተ። የሳምንት ባለቤት የራሱን ሳምንት ለድርጅቱ አስረክቦ የሌላ ሰው ሳምንት በሌላ ከተማ ይወስዳል። አርሲአይ ሳምንታቱን እንደ ተፈላጊነታቸው በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ቀለም ደልድሏቸው ነበር፤ ቀዩ የወቅቱ እንብርት፣ ሰማያዊው ጭር ያለው ጊዜ ነው። ሰማያዊ ሳምንት በርካሽ ገዝቶ ቀዩን ለመለዋወጥ ያሰበ ሰው ተስፋው በአብዛኛው አልሰመረም። በልውውጥ ሥርዓት ውስጥ የሚገኘው ሌላው ባለቤት ሊሰጥ የፈቀደው ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንትን ደግሞ ልጅ ያለው ሰው በቀላሉ ለሌላ አይሰጥም።

ኦርላንዶ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በመሬት በኩል ነው። ዲዝኒላንድ በ1955 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ሲከፈት ይዞታው 160 ኤከር ያህል ነበር። ወዲያው ዙሪያውን ሞቴሎችና ምግብ ቤቶች ከበቡት፤ ጎብኚው ለማደሪያ የሚያወጣው ገንዘብም ወደ ጎረቤቶቹ ፈሰሰ። ዋልት ዲዝኒ ይህ እንዳይደገም በፍሎሪዳ ስሙን ሸሽጎ፣ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም መሬት አስገዛ። ረግረግና ቁጥቋጦ የበዛበት ያ ምድር በጊዜው አንዳንዱ ኤከር ከ200 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር። ዕቅዱ በኅዳር 1965 ይፋ ሲሆን ከ27 ሺህ ኤከር በላይ፣ ማለትም 11 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በኩባንያው እጅ ገብቷል። ሆኖም ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በጥቅምት 1971 በሩን ሲከፍት በግቢው የነበሩት ዋና ሆቴሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኮንቴምፖራሪና ፖሊኔዥያን። ሕዝቡ ሞልቶ ተረፈና በደቡብ በኩል በሚያልፈው በመንገድ 192 ላይ፣ በኪሲሚ ከተማ ፈሰሰ። ሲወርልድ በ1973፣ ኤፕኮት በ1982፣ የዩኒቨርሳል ፓርክ በ1990 ተከተሉ። ወደ ኦርላንዶ የሚመጣ ቤተሰብ አንድ ቀን ውሎ የሚመለስ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ሳምንት የሚቀመጥ ሆነ።

ታይምሼር ለዚህ ቤተሰብ የሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ይህም መካድ የለበትም። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት በሞቴል ሁለት ክፍል ይፈልጋሉ፤ ለቁርስም ለራትም ወደ ውጭ መውጣት ግድ ይላቸዋል። የታይምሼር ቤት ግን ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ሙሉ ማዕድ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። ጠዋት እንቁላል እቤት ይጠበሳል። ቀትር ላይ፣ የፍሎሪዳ ፀሐይ ስትበረታና ሕፃናቱ ሲያለቅሱ፣ ከፓርኩ ተመልሶ ጥቂት ማሸለብ ይቻላል። ሕፃን ይዘው የሄዱ ወላጆች የዚህን ዋጋ በደንብ ያውቁታል፤ ብዙ ባለቤቶች ክፍያው እየከበደም ቤቱን ያልለቀቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከኦርላንዶ የታይምሼር ሪዞርቶች አንዱ የሆነው ቪስታና በ1980 ተከፈተ። በ1982 የሆሊዴይ ኢን ሆቴሎች መሥራች የነበሩት ኬሞንስ ዊልሰን ከዲዝኒ ወርልድ አጠገብ ኦሬንጅ ሌክን መሠረቱ። በመላው አሜሪካ ለመንገደኛ ወጥ የሆነ የሞቴል ክፍል በማቅረብ የታወቁ ሰው ወደ ታይምሼር ማዘንበላቸው ገንዘቡ ወዴት እንደዞረ ያሳያል። በዚያው ዓመት ዴቪድ ሲገል ዌስትጌትን በ16 ቤቶች ጀመሩት፤ ኋላም ከአገሪቱ ትልልቅ የግል የታይምሼር ድርጅቶች አንዱ ሆነ። በመንገድ 192 ግራና ቀኝ የፓርክ ትኬት በቅናሽ የሚሸጡ ድንኳኖችና ዳሶች የበቀሉት በእነዚህ ዓመታት ነው።

የትኬቱ ቅናሽ ነፃ አልነበረም። ጎብኚው በምላሹ አንድ ጠዋት ለ90 ደቂቃ ያህል የሽያጭ ማብራሪያ ለማዳመጥ ይስማማል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መገኘት አለባቸው። ቁርስ ይቀርባል። ከዚያ ሻጩ ቤተሰቡን አንድ ናሙና ቤት ያስጎበኛል፤ አልጋው የተነጠፈ፣ ፍራፍሬው በሳህን የተደረደረ፣ በረንዳው ወደ ሐይቅ የሚያይ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ክብ ጠረጴዛዎች ወደ ሞሉበት አዳራሽ ይገባል፤ ሻጩ ወረቀት ያወጣና ቤተሰቡ በየዓመቱ ለሆቴል የሚያወጣውን ይጠይቃል። ቁጥሩን በሃያና በሠላሳ ያባዛል፣ የዋጋ ንረቱን ይጨምርበታል፣ ከድምሩ ግርጌ ያሰምርበታል። በሌላኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው የቤቱ የመግዣ ዋጋ ብቻ ነው። የጥገና ክፍያው ከተነሣ ደግሞ ዛሬ ባለበት ይጻፋል፤ የሆቴል ዋጋ ሲንር አብሮ እንደሚንር አይሰላም። ቤተሰቡ ካመነታ አለቃ የተባለ ሰው ይመጣና ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዋጋው የሚጸናው ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እስከተቀመጡ ድረስ ነው። ከዘጠናው ደቂቃ ዘልቆ ግማሽ ቀን የወሰደበት ጊዜ ብዙ ነው።

ትኬቱም፣ ቁርሱም፣ የሻጩ ኮሚሽንም የሚከፈሉት ከቤቱ ዋጋ ነው። ከሽያጩ ዋጋ ግማሽ የሚጠጋው ለማስታወቂያና ለሽያጭ የሚውልበት ጊዜ አለ። ገዢው በማግስቱ ለመሸጥ ቢሞክር ይህን ወጪ የሚመልስለት ሁለተኛ ገዢ አያገኝም፤ ሁለተኛው ገዢ የሚከፍለው ለክፍሉ ብቻ ነው። ዋጋው በአንድ ጀምበር የሚያሽቆለቁለው ቤቱ ስላረጀ አይደለም። በብድር የገዛ ሰው ጉዳት ደግሞ እጥፍ ነው። የ15 ሺህ ዶላር ግዢ በ15 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት የሚከፈል ቢሆን ወርኃዊ ክፍያው 242 ዶላር ግድም፣ ጠቅላላው ወደ 29 ሺህ ዶላር ይደርሳል። በአሜሪካ የታይምሼር ብድር ወለድ ከቤት ብድር ወለድ በእጅጉ ይበልጣል፤ ባንኮች ይህን ንብረት እንደ ጠንካራ መያዣ አያዩትምና።

ቅሬታው ሲበዛ የፍሎሪዳ ምክር ቤት በ1981 የታይምሼር ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ገዢው ከፈረመ በኋላ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን የሚሰርዝበት አሥር ቀን አለው፤ ይህን መብት በፊርማው እንኳ አሳልፎ መስጠት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም በ1994 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቶ በ2008 የማሰላሰያ ጊዜውን ወደ 14 ቀን ከፍ አድርጓል። እነዚህ ቀናት ብዙ ቤተሰብ አድነዋል፤ ያዳኑት ግን ወረቀቱን ሆቴላቸው ወስደው ያነበቡትን ነው። በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ በቃል የተነገረ ተስፋ ዋጋ እንደሌለው ውሉ ራሱ በግልጽ ይደነግጋል። ሳምንቱን በቀላሉ ማከራየት ይቻላል ወይም ድርጅቱ መልሶ ይገዛል የሚሉት ተስፋዎች በውሉ ውስጥ ሲፈለጉ የሚገኙት እምብዛም ነው።

ትልልቅ የሆቴል ስሞች ወደ ዘርፉ መግባት የጀመሩት በ1984፣ ማሪዮት በደቡብ ካሮላይና ሂልተን ሄድ ደሴት ላይ የነበረ የታይምሼር ድርጅት ሲገዛ ነው። ዲዝኒ በታኅሣሥ 1991 ዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ የተባለውን የራሱን ታይምሼር ከፍቶ ተከተለ። ኩባንያው በማይክል አይዝነር አመራር ሆቴሎችን በፍጥነት እየገነባ የነበረበት ዘመን ነው። የክለቡ የመጀመሪያው ሪዞርት በ1996 ኦልድ ኪ ዌስት የሚለውን የዛሬ ስሙን አገኘ። የክለቡ ውል ከመንገድ 192ቱ በሁለት ትልልቅ ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ አባሉ የተወሰነ ሳምንት ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ነጥብ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ይዞታው የዘላለም አይደለም፤ ለኢትዮጵያ የከተማ ነዋሪ እንግዳ ያልሆነ ሊዝ ነው። የኦልድ ኪ ዌስት ሊዝ ጥር 31 ቀን 2042 ያበቃል፤ መሬቱም ሕንፃውም ወደ ኩባንያው ይመለሳሉ።

ነጥቡ ብዙ ነፃነት ሰጠ። ጭር ባለ ወቅት አንዲት ትንሽ ክፍል በጥቂት ነጥብ ትያዛለች፤ በገና ሰሞን ሁለት መኝታ ያለው ቤት እጅግ ብዙ ይጠይቃል። ዘንድሮ ያልተጠቀሙበትን ነጥብ ወደ ከርሞ ማሻገር፣ የከርሞውንም መበደር ይቻላል። ነፃነቱ ግን ውድድር አመጣ። አባሉ ነጥብ በያዘበት ሪዞርት ከ11 ወር በፊት፣ በሌሎቹ ከ7 ወር በፊት ማስያዝ ይችላል። ተፈላጊ ክፍሎች ገና የማስያዣው ጊዜ እንደተከፈተ ያልቃሉ፤ ለታኅሣሥ ዕረፍት የሚያስብ ቤተሰብ ጥር ላይ ቀኑን ቆርጦ ማለዳ መጠበቅ አለበት። አንዳንድ አባላት ከሚፈልጉት ቀን ቀደም ብለው ያስይዙና በየዕለቱ ከመጀመሪያው አንድ ቀን እየቀነሱ፣ ከመጨረሻው አንድ ቀን እየጨመሩ እስከሚፈልጉት ቀን ያደርሱታል። ይህን የማያውቅ አባል በ11ኛው ወር ማለዳ ተነሥቶም ክፍሉ ተይዞ ያገኘዋል። በነጥብ ሥርዓት ዋናው ሀብት ዕቅድ ነው፤ ሥራው ፈቃድ የሚሰጠው በመጨረሻው ሰዓት የሆነ ሰው ነጥቡ በእጁ እያለ የሚያርፍበት ያጣል።

የነጥብ ሠንጠረዡም የማይለወጥ አይደለም። ኩባንያው የአንድ ሪዞርት የዓመቱን ጠቅላላ ነጥብ እንዳሻው ማሳደግ አይችልም፤ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ማዛወር ግን ይችላል። በርካሽ የነጥብ ወቅት የለመደ ቤተሰብ አንድ ዓመት ሠንጠረዡን ሲከፍት ያው ሳምንት ተወዶ ሊያገኘው ይችላል። በ2018 መጨረሻ ለ2020 የወጣው ሠንጠረዥ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ እንዲመለስ ተደርጓል። የዚያን ጊዜ አባላቱ ለተቃውሞ የበቁት ውላቸውን መስመር በመስመር የሚያውቁ ስለነበሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የባለቤትን ዕድል የሚወስነው ዓመታዊው ክፍያ ነው። ክፍያው የጽዳቱን፣ የጥገናውን፣ የደመወዙን፣ የግብሩንና የመድን ዋስትናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ለጣሪያና ለቤት ዕቃ መለወጫ የሚጠራቀመውም በውስጡ ነው። በ15 ሺህ ዶላር 150 ነጥብ የገዛ አባል በነጥብ 8 ዶላር ቢከፍል የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 1,200 ዶላር ነው። ክፍያው በየዓመቱ 4 በመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ በእነዚያ 18 ዓመታት የተከፈለው ሲደመር ከ30 ሺህ ዶላር ያልፋል። ይህም የመግዣው ዋጋ እጥፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚከራከሩበት ዋጋ እንግዲህ ከጠቅላላው ወጪ ሲሶው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ከዲዝኒ ሪዞርቶች ሁለቱ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ከኦርላንዶ ሁለት ሰዓት ያህል የሚነዳበት የቬሮ ቢች ሪዞርት በ1995 በአትላንቲክ ዳርቻ ተከፈተ። ፓርክ በአጠገቡ የለም፣ ጨዋማው አየር ሕንፃውን ይበላል፣ የአውሎ ነፋስ መድን ውድ ነው። ስለዚህ አባላት ነጥባቸውን ለሌላ በሚሸጡበት በሁለተኛ እጅ ገበያ የነጥቡ ዋጋ ከክለቡ ርካሾች አንዱ፣ ዓመታዊ ክፍያው ግን ከውዶቹ አንዱ ሆኗል። ርካሽነቱን አይተው የገዙ ሰዎች ልዩነቱን በየዓመቱ ሲከፍሉ ኖረዋል። በሃዋይ የተገነባው አውላኒ ደግሞ በ2011 ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ነበር፤ ዓመታዊ ክፍያው ከትክክለኛው ወጪ በታች ተሰልቶ መሸጡ ስለታወቀ ነው። ኋላ ላይ የገዙት ከፍ ያለውን ክፍያ ተሸከሙ። ልምድና ባለሙያ ያለው ኩባንያ እንኳ የክፍሉን ወጪ አስቀድሞ መገመት ከተሳነው፣ በአንድ ጠዋት የሚወስን ቤተሰብ የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥር እንደ ቋሚ አድርጎ መውሰዱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ገበያ የራሱ ታሪክ አለው። ከዲዝኒ በቀጥታ የተሸጠ ነጥብ በ1991 በ50 ዶላር ግድም ነበር፤ ዛሬ በአዳዲሶቹ ሪዞርቶች ከ200 ዶላር በላይ ነው። ኩባንያው አባላት ሊሸጡ ሲስማሙ በዚያው ዋጋ ራሱ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ ይህ መብት የነጥቡ ዋጋ ከወለሉ እንዳይወርድ ረድቷል። የዲዝኒ ነጥብ ከተገዛ ከብዙ ዓመት በኋላም ገዢ የሚያገኝ መሆኑ በዘርፉ እንደ ብርቅ የሚታይ ነው። በሌላ በኩል ከሌላ አባል የገዛ ሰው መብት ደረጃ በደረጃ ጠብቧል። ከመጋቢት 2011 በኋላ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ነጥብ ለመርከብ ጉዞና ለመሳሰሉት አይሆንም ተባለ፤ ከሚያዝያ 2016 በኋላ የአባልነት ቅናሾች ቀሩ፤ ከጥር 2019 በኋላ የተገዛ ነጥብ ደግሞ በነባሮቹ 14 ሪዞርቶች ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በተከፈተው ሪቪዬራ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ነጥብ ከሪቪዬራ ውጭ የትም አያገለግልም። ሁሉም ለውጦች የተደረጉት በውሉ ገደብ ውስጥ ነው። ማረፊያው ራሱ የውል መብት ሲሆን፣ ቅናሹና ስጦታው የኩባንያው በጎ ፈቃድ ነው፤ ለእነዚህ ብሎ የገዛ ሰው መሠረቱ ልል ነው።

በመንገድ 192 ዳር የተሸጡት ሳምንታት ዕጣ የከፋ ሆነ። አብዛኞቹ የዘላለም ይዞታ ናቸው፤ በሽያጩ ቀን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ተብለው የተሞገሱበት ጠባይ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋናው ሸክም ሆነ። በዕቁብ ዕጣው የወጣለት ሰው የቀረበትን መዋጮ ቆጥሮ ያውቀዋል፤ ዙሩ ሲሞላም ነፃ ይወጣል። በዘላለማዊ ሳምንት ግን ዙሩ የሚሞላበት ቀን የለም። ባለቤቱ ሲያረጅና መጓዝ ሲያቅተው ክፍያው ይቀጥላል። ሳምንቱን በ1 ዶላር ለመሸጥ በኢንተርኔት ማውጣት የተለመደ ነው፤ በዚያ ዋጋም ገዢ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ልጆች ከወላጆቻቸው ሞት በኋላ ውርሱን መቀበል ግዴታ አለመሆኑን፣ ጊዜው ሳያልፍ በሕግ መንገድ አልቀበልም ማለት እንደሚቻል ሳያውቁ የጀመሩት ክፍያ ብዙ ነው።

መውጫ ያጣ ሰው በበዛበት መውጫ ሻጭ ይበዛል። ገዢ አግኝተናል፣ የማስተላለፊያውን ወጪ ብቻ አስቀድሙ የሚሉ ደዋዮች ከብዙ አረጋውያን ገንዘብ ወስደው ጠፍተዋል። ፍሎሪዳ በ2012 ይህን ለመግታት ሌላ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነባት። ከውል እናወጣችኋለን የሚሉ ድርጅቶችም በሺህ የሚቆጠር ዶላር አስቀድመው ተቀብለው፣ ደንበኞቻቸው ክፍያ እንዲያቆሙ በመምከር ለዕዳ ክስና ለተበላሸ የብድር ታሪክ የዳረጓቸው አሉ። በ2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ካርቴል ጋር ተሳስረው የታይምሼር ባለቤቶችን ሲያጭበረብሩ ነበሩ ባላቸው ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ጥሏል። በዚህ ሁሉ መካከል ከጉዳት የዳኑት አስቀድሞ ለማንም ምንም ያልከፈሉት ናቸው። ዕዳው የተከፈለበትን ቤት መልሰው የሚረከቡ ትልልቅ ኩባንያዎች በቅርብ ዓመታት ስለበዙ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለራሱ ለድርጅቱ መቅረብ አለበት።

በመጋቢት 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የኦርላንዶን ፓርኮች ሲዘጋ የባዶ ክፍል ዕዳ የማን እንደሆነ በማያሻማ መንገድ ታየ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሐምሌ ተዘጋ፤ የክለቡ ቤቶች የተከፈቱት በሰኔ መጨረሻ ነው። የሆቴል እንግዳ ጉዞውን ሰርዞ ገንዘቡን አስመለሰ፤ የነጥብ ባለቤት ግን ዓመታዊ ክፍያውን ከፈለ። ድርጅቶች የነጥብ ጊዜ በማራዘምና በማሻገር ጉዳቱን ለማለዘብ ቢሞክሩም የተሻገረው ነጥብ ሁሉ በቀጣዩ ዓመት ለተመሳሳይ ክፍሎች ተሻማ።

በዚህ አሠራር የተጠቀሙት ሰዎች ጠባያቸው ይመሳሰላል። ያለ ብድር፣ ብዙዎቹም ከሁለተኛ ገበያ ገዝተዋል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወደዚያው ፓርክ የሚመለሱ፣ ከአንድ ዓመት ቀድመው የሚያቅዱና ጠባብ ክፍል የማይበቃው ቤተሰብ ያላቸው ናቸው። ነጥብ የሚይዙት ሊያርፉበት በሚፈልጉት ሪዞርት እንጂ በረከሰው አይደለም። ልጆቻቸው ከፓርኩ ዕድሜ ሲያልፉ ለመሸጥ ወይም ለሌላ ቤተሰብ ለማከራየት አስቀድመው አስበዋል። ለመግዛት ያመነታ ሰው ከአባል ላይ ነጥብ ተከራይቶ በዚያው ክፍል ማረፍ ይችላል። ይህ ገበያ ከ1990ዎቹ ወዲህ እየሰፋ መጥቶ፣ ሳይፈርሙ ኑሮውን ለመሞከር ዋናው መንገድ ሆኗል።

ዘርፉ ዛሬ በጥቂት እጆች ተሰብስቧል። ቪስታና በ1999 የሆቴል ኩባንያ ወደሆነው ስታርውድ፣ በ2018 ወደ ማሪዮት ቬኬሽንስ ወርልድዋይድ ዞረ፤ ኦሬንጅ ሌክ ከ2008 ጀምሮ የሆሊዴይ ኢን ስም ይዟል፤ ሂልተን ግራንድ ቬኬሽንስ ሌሎች የታይምሼር ኩባንያዎችን፣ በ2021 ዳይመንድን፣ በ2024 ብሉግሪንን ጠቅልሏል። ከአንዱ የገዛ ባለቤት ውሉን ከማያውቀው ሌላ ኩባንያ ጋር ያገኘዋል፤ አብዛኛው ሽያጭም ከሳምንት ወደ ነጥብ ተሸጋግሯል። የዲዝኒ ክለብ በበኩሉ ወደ ራሱ ማብቂያ እየቀረበ ነው። ኦልድ ኪ ዌስት፣ ቬሮ ቢች፣ ሂልተን ሄድ፣ ቦርድዎክ፣ ቦልደር ሪጅና ቢች ክለብ የተባሉት ስድስት ሪዞርቶች ሊዛቸው የሚያልቀው በጥር 2042 መጨረሻ በአንድ ቀን ነው። ኩባንያው የኦልድ ኪ ዌስት አባላት ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው እስከ 2057 እንዲያራዝሙ አቅርቦላቸው ነበር፤ የተቀበሉም ያልተቀበሉም አሉ። ስለዚህ በዚያ ሪዞርት ነጥብ የሚገዛ ሰው ማብቂያው ከሁለቱ ዓመታት የትኛው እንደሆነ በሰነዱ ላይ ማየት ይኖርበታል። በሁለተኛው ገበያም የስድስቱ ሪዞርቶች ዋጋ የሚሰላው በቀሩት ዓመታት ነው፤ ሊዙ ባጠረ ቁጥር የነጥቡ ዋጋ ይቀንሳል፣ ዓመታዊው ክፍያ ግን እስከ መጨረሻው ዓመት እንደጸና ይቆያል።